ሊቀ ቀማሽ ይስማው በኮምቦልቻ

በየሰፈሩ አንድ ቀማሽ አለ። ከሌለ ያ ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ቀማሽ ማለት እንደ እኔና እንደ እናንተ ጠምቶት የሚጠጣ ሰው አይደለም። ቀማሽ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳል፤ ያሽከረክረዋል፤ ያሸተዋል፤ አንዲት ጉንጭ ወስዶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቤቱ ሁሉ ጸጥ እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። እኛ ደግሞ ፍርዱ እስኪሰጥ ጥማታችንን ይዘን ቁጭ እንላለን።

የደሴው ሸዋበር ሰፈር ቀማሽ አቶ ይስማው ናቸው። ሊቀ ቀማሽ ብንላቸው ማጋነን አይሆንም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ጥራት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዱቄቱን በሁለት ጣታቸው ፈተግ አድርገው ስንዴው የየት አገር እንደሆነ ይናገሩ ነበር ይባላል፤ ማን እንዳረጋገጠላቸው ግን አይታወቅም። ያም ሆነ ይህ ሰፈሩ አምኖባቸዋል። ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ ድንኳን ከመጣሉ በፊት ጠላውንና ጠጁን ሊቀ ቀማሽ ካላዩለት ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣ አይመስለውም። እሳቸውም ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ፤ ይቀምሳሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "መጥፎ አይደለም። ግን ትንሽ ይቀረዋል።"

ምን እንደሚቀረው አይናገሩም። ጠማቂዋ ጌሾው ይሆን ብቅሉ እያለች ስትገላበጥ ታድራለች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውሃ ቀረበላቸው፤ ተጎነጩና ትንሽ ይቀረዋል አሉ። ውሃ! አልቃሾቹ ለአፍታ ለቅሷቸውን አቁመው ተያዩ።

ባለቤታቸው ወለላ ይህን ፍርድ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። በሠርጋቸው ማግስት ያፈላችው ሻይ ትንሽ ቀረው። በየዓመቱ ለፋሲካ የምትጠምቀው፣ እንግዳ ሁሉ እጇን ይባርከው እያለ የሚጠጣው ጠላ ትንሽ ቀረው። ጎረቤት እንዴት ቻልሽው ብሎ ሲጠይቃት፣ እኔም ትንሽ ሳይቀረኝ አይቀርም፣ ባይሆን ኖሮ መች እቀመጥ ነበር ትላለች። ትስቃለች እንጂ ነገሩ ውስጧን ይነካታል። አንድ ቀን እንኳ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ እሰይ ወለላ፣ ቢሏት ምን ነበረበት?

ዓምና ጥቅምት ላይ አንድ ነገር ሆነ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሊቀ ቀማሽን ክፉ ጉንፋን ያዛቸውና ሁለት ሳምንት ተኙ። ጉንፋኑ ለቀቃቸው፤ ሲሄድ ግን ሽታቸውንም ጣዕማቸውንም ይዞባቸው ሄደ። ይህንን ለማንም አልተነፈሱም፤ ለወለላም ጭምር። እሷ ያወቀችው በራሷ ስህተት ነው። አንድ ጠዋት ጣሳ ተምታታባትና በስኳር ፈንታ ሁለት ማንኪያ ጨው ሻያቸው ውስጥ ጨመረች። ጠጡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሻይ ቅጠሉ ትንሽ ይቀረዋል አሉ። ወለላ ብርጭቆው ሥር የተረፈውን ቀምሳ ወደ ጓዳ ሮጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

እንባዋ የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የፋብሪካ ጓደኞቻቸው ተበታትነዋል፤ የአቶ ይስማውን በር የሚያንኳኳ ሰው የሚመጣው ለዚያች ምላስ ብሎ ብቻ ነው። ያቺ ምላስ መሞቷ ከታወቀ ባሏ ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ከማየት ሌላ ነገር እንደማይኖራቸው አወቀች። ስለዚህ ዝም አለች። ዝም ብቻ አላለችም፣ ምላስ ሆነችላቸው። ሰርግ ቤት ሲሄዱ እሷም አብራ ትሄዳለች፤ ከእሳቸው ቀድማ ከንፈሯን ነክራ፣ ኧረ ይኼስ መረር አለብኝ ትላለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና። ሊቀ ቀማሽ ይሰሙና፣ ምሬቱ የመጣው ከጌሾው ግንድ ነው፣ ቅጠሉን ብቻ መጠቀም ነበረባችሁ ብለው ያስረዳሉ። ቤቱ ይደነቃል። እሷ ያወቀች አይመስላቸውም፤ እሷም ያላወቀች መስላ ትኖራለች።

እንዲህ እያሉ ሃያ አምስተኛ የጋብቻ ዓመታቸው ደረሰ። ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ሚርያም ኮምቦልቻ ውስጥ አዲስ ሆቴል ለሁለት ቀን ያዘችላቸው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው እንግዲህ፣ ሽርሽሩ። ሊቀ ቀማሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ የተመላለስኩበት ከተማ ደግሞ ምን ያዝናናኛል ብለው አጉረመረሙ። ወለላ፣ አንተ ተመላለስክ፣ እኔ ግን ከመናኸሪያው አልፌ አላውቅም አለቻቸው። ሚኒባሱ በጠመዝማዛው መንገድ ሲወርድ ብርዱ ከኋላ እየቀረ ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሹራቧን አወለቀች፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ደስ አላት።

ደስታዋ የቆየው የሆቴሉ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እስክታነብ ነው። "ቅዳሜ ከሰዓት የቅምሻ ፕሮግራም፤ በቤታችን የተጠመቀ ቢራ፣ ወይን፣ ውስኪ" ይላል። ባለቤቱ ምንተስኖት ደግሞ የሸዋበር ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሊቀ ቀማሽን ሲያይ ክንፍ አወጣ፤ ቢራዬን እርስዎ ካልፈረዱበት ቢራ አልለውም ብሎ እጃቸውን ይዞ ጎትቶ አስገባቸው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሰይድ ነው፣ የኮምቦልቻ ጨርቅ ነጋዴ፤ መጠጥ በአፉ አይዞርም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከምንተስኖት ጋር ቁጭ ብሎ ሳይጫወት አይውልም። ሌላው የሸዋበሩ ልብስ ሰፊ ዳምጤ ነው፤ ከሰይድ ጨርቅ ሊገዛ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። ወለላ ዳምጤን ስታይ ወንበሯን ወደ ባሏ አስጠጋች። ዳምጤ የሰማው ወሬ ደሴ የሚገባው ከሚኒባስ ቀድሞ ነው።

ቅምሻው ተጀመረ። መጀመሪያ ምንተስኖት ራሱ የጠመቀው ቀይ ቢራ መጣ። ወለላ ከንፈሯን ነክራ፣ ዳቦ ዳቦ ይላል እናንተ፣ አለች። ሊቀ ቀማሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ገብስ አቆላል አንድ ሙሉ ንግግር አደረጉ፤ ምንተስኖት ማስታወሻ ያዘ። ቀጥሎ ወይን ቀረበ። ወለላ፣ ለእኔስ ሆምጣጤ ሆምጣጤ አለኝ አለች። ሊቀ ቀማሽ ይህ ጠርሙስ ዛሬ አልተከፈተም ብለው ፈረዱ። ምንተስኖት ትናንት መከፈቱን አመነ፤ ዳምጤ አጨበጨበ። ለውስኪው የማንም እርዳታ አላስፈለጋቸውም፤ ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር ምላስ አይጠይቅምና። ለሦስቱም ትንሽ ይቀራቸዋል አሉ። ወለላ ዘና ብላ ተቀመጠች። ምንተስኖትም በመጨረሻ የቤት ጠላ አለኝ፣ አመጣለሁ ብሎ ተነሳ።

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ሚርያም ናት፣ እንኳን አደረሳችሁ ልትል። ወለላ ወደ በረንዳው ወጣች። የቆየችው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስትመለስ ሊቀ ቀማሽ ብርጭቆ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው በርቶ አገኘቻቸው። ለካስ ጠላው ገና ሳይመጣ አስተናጋጇ የሰይድን ጆግ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነበር። ጆጉ ውስጥ ያለው ቀሪቦ ነው። የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ መልኩ ቁርጥ ጠላ የሆነ፣ ግን የማያሰክር፣ ሙስሊሙ የሚጠጣው። በየድግሱ የክርስቲያኑ ጠላና የሙስሊሙ ቀሪቦ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱን በማሽተት የማይለይ ሕፃን እንኳ የለም። ሊቀ ቀማሽ ግን የተባለው ጠላ መጣ ብለው ቀድተዋል።

"ይኼ ነው ጠላ!" አሉ። "ጥንስሱ በወጉ የቆየ፣ ጌሾው ምላስ የሚይዝ። ሁለት ብርጭቆ የጠጣ ሰው በእግሩ ቤቱ አይገባም። ይኼ ምንም አይቀረውም!"

 ጠላውን ይዞ የመጣው ምንተስኖት ባለበት ቆመ። ሰይድ አንገቱን ደፋ። ዳምጤ ጉንጩ ተነፍቶ ሊፈነዳ ነው፤ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። ወለላን መጀመሪያ ያናደዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ለሆቴል ቀሪቦ ተሰጠ! ቆይ ላሳይህ አለች በሆዷ። ከዚያ የባሏን ፊት አየች። ዓይናቸውን ገልጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመለከታሉ፤ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥራት የተቆጣጠሩት እጆች ብርጭቆውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸዋል። ንዴቷ ጠፋ።

ጆጉን አነሳችና ሞልታ ቀዳች። አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች። ደገመች። ሦስተኛውን ስታጋምስ ጠረጴዛውን ተደገፈች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፣ አላነሳችውም። ወለላ በሕይወቷ ሰክራ አታውቅም፤ ሰካራም ግን በየሰርጉ አይታለች። "አይ ይስማው፣" አለች፣ ምላሷን እየጎተተች፣ "እውነትህን ነው። ቤቱ ዞረብኝ።"

ዳምጤ አፉን እንደከፈተ ቀረ። የመጣው ሳቅ መውጫ አጣ። ያን ጊዜ ሰይድ ቀና አለ። ወለላን አየ፣ ሊቀ ቀማሽን አየ፣ ሁሉም ነገር ገባው። በእርጋታ ተነስቶ ወንበር አቀረበላት።

"አብሽሩ እትዬ፣ ይቀመጡ" አለ። ቀጥሎም ቀሪቦ የቀዳበትን የራሱን ብርጭቆ በሁለት ጣቱ ከፊቱ ገፋ አደረገና አስተናጋጇን ጠራ። "ልጄ፣ ለእኔ እንግዲያው ለስላሳ አምጪልኝ።"

ሰይድ አልዋሸም፤ ለስላሳ ነው ያዘዘው። ዳምጤ ግን፣ የማይጠጣው ሰይድ የገፋው እውነት ጠላ ይሆን ብሎ ግራ ገባው። ብርጭቆውን ሳብ አድርጎ ቀመሰ፤ እንደገና ቀመሰ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ግንባሩን እያሸ፣ ዛሬስ እኔንም ራሴን ከበድ አለኝ አለ።

ሊቀ ቀማሽ ሚስታቸውን ደግፈው ወጡ። በአዳራሹ መሃል ሁለት ጊዜ ተንገዳገደች፤ በር ላይ አንድ ጊዜ ጨመረች፣ ሥራዋን አክብራ። ዘበኛውን አልፈው አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ሞቅ ያለ ንፋስ ይነፍሳል።

"ወለላ፣" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አሁን ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ ሰው የለም።"

ቀጥ አለች። ትንሽ ሄዱና አንድ አጭር ግንብ ላይ ተቀመጡ። ምን ነበር የጠጣሁት ብለው ጠየቋት፤ ቀሪቦ መሆኑን ነገረቻቸው።  ከዚያ ከጥቅምት ወዲህ አፋቸው ውስጥ ምንም እንደሌለ፣ ምግቡም መጠጡም አንድ እንደሆነባቸው ተናገሩ።

"አውቃለሁ" አለቻቸው። "ዓመት ሊሞላው ነው።"

መሬት መሬት አዩ። ከዚህ በኋላ ሰርግ ቤት እግሬ አይረግጥም አሉ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ጠጋ አለቻቸው።

"ትሄዳለህ። አብረን ነው የምንሄደው። እኔ እቀምሳለሁ፣ አንተ ዓይንህን ትጨፍናለህ።"

ሊቀ ቀማሽ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ሃያ አምስት ዓመት ጠይቀዋት የማያውቁትን ነገር ጠየቋት፤ ዛሬ የቀመስነው ምን ምን ይላል አሏት። ወለላ አፈረች። እኔ ምን አውቅልሃለሁ አለች። ከዚያ ጀመረች። የቢራውን፣ ዳቦ ከምጣድ ሲወጣ ዳር ዳሩ እንደሚሸተው ያለ ነው አለች፣ መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ ምላስ ይቆነጥጣል። ወይኑ ያልበሰለ ኮክ የበላህ ያህል አፍ ያጣብቃል። ውስኪው እንጨት የሚነድበት ቤት ውስጥ ጭስ ጠጥቶ ያደረ ልብስ ይሸታል። ሊቀ ቀማሽ አንዲት ቃል ሳያስገቡ ሰሟት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፣ አሁን ግን ማንም አያያቸውም። ጉሮሯቸው ላይ ምራቅ ሲወርድ አየች።

"እስቲ ቀዩን ቢራ እንደገና" አሏት።

እንደገና ነገረቻቸው።