ወላጅ አምጪ ያልተባለችው ልጅ

«ወላጅ አምጡ» የሚለውን ትእዛዝ የፈጠረውን ሰው ባውቀው ኖሮ ቤቱ ድረስ ሄጄ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። ጥፋቱ የልጅ፣ መሸማቀቁ የወላጅ! እናንተም ታውቁታላችሁ። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ስንቱን የምታንቀጠቅጥ ሴት፣ የልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ ነው የምትገባው። ባሎቻችንማ ብልጦች ናቸው። እንዲህ ያለ ጥሪ በመጣ ቁጥር አስቸኳይ ስብሰባ አያጡም።

ባለፈው ሰሞን የእኔም ተራ ደረሰና ለቡ ወዳለው የልጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጄ ከናሆም ጋር ሦስተኛ ክፍል የምትማር ኤልዳና የምትባል ልጅ አለች። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ ስለማይታዘዟት የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ምላሷ ግን፣ ዓይን አይብላትና፣ የእግሯንም ድርሻ ደርቦ ይሠራል። በእረፍት ሰዓት ዊልቸሯን ሚኒባስ አድርጋ፣ እሷ ሹፌር፣ የእኔ ልጅና ጓደኞቹ ገፊም ረዳትም ሆነው፣ «ለቡ መብራት፣ ለቡ መብራት» እያሉ በረንዳው ላይ ሲከንፉ፣ ለወላጆች በዓል የተደረደሩትን የአበባ ሸክላዎች ድምጥማጣቸውን አጠፉ። «ሳበው» ያለው ናሆም ነው። ፍጥነቱ ግን የሹፌሯ ትእዛዝ ነበር።

እና የገፊዎቹ እናቶች ዳይሬክተሯ ፊት ተደርድረን ስንወቀስ በሩ ተንኳኳ። የኤልዳና አባት ማርቆስ ነው። ሚኒባስ ነጂ ነው፤ በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጥቷል። ልጁ እንድትገባ ብሎ በትምህርት ቤቱ ደረጃ ጎን የዊልቸር መውጫውን ሲሚንቶ አቡክቶ የሠራው እሱ ራሱ ስለሆነ እዚያ የማያውቀው የለም። ዳይሬክተሯ ደንግጠው ተነሡ። እርሱን እንዳልጠሩት፣ ኤልዳና ምንም ጥፋት እንደሌለባት፣ የገፏት ልጆቹ እንደሆኑ በለሰለሰ ድምፅ አስረዱት።

እሱም የመጣው ለዚሁ ነበር። መምህሯ ለልጆቹ የጥሪ ወረቀት ስታድል ኤልዳናም እጇን ዘርግታ ነበር አለ። መምህሯ ፀጉሯን ዳበሰቻትና አለፈቻት። ልጅቷ ማታ እራት አልበላም ብላ፣ እያለቀሰች ተኛች።

«እኔ ሹፌር ነኝ» አለ ማርቆስ። «ግጭት ሲደርስ ረዳት ተከሶ ሹፌር ሲለቀቅ አይቼ አላውቅም። አብራ ካጠፋች አብራ ትቀጣ።»

እኔ በዚህ ሰውዬ ኮራሁ። ዘመዴ አይደለም፣ ጎረቤቴም አይደለም፣ ግን ኮራሁ።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና ልጅቷን አስጠሩ። «የኔ ቆንጆ» ብለው ሲጀምሩ ማርቆስ ጉሮሮውን ጠረገ። ገባቸው። ድምፃቸውን ቀይረው፣ «ኤልዳና ማርቆስ» አሉ። ከነአባት ስም የተጠራ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፣ በናሆም ላይ እንኳ ያልወረደው ቁጣ ሁሉ ወረደባት። አበባዎቹን ከጓደኞቿ ጋር መልሳ እንድትተክል፣ እስኪያልቅም እረፍት እንዳትወጣ ተፈረደባት። አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከንፈሯን ነክሳ የያዘችው ለቅሶ እንዳልሆነ ግን እኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ተራው የአባትየው ሆነ፤ ልጅዎን ይምከሩ ተባለ። እንዲህ ፊቱ በርቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ስንወጣ በሩ ጋ ቆሞ ለሚስቱ ደወለ። እኔም፣ ያው ሰው ነኝና፣ እርምጃዬን ቀነስ አደረግኩ።

«ተቆጧት» አላት። ትንሽ አዳመጠና፣ «አዎ፣ እንደ ሁሉም። እኔንም ጭምር።»

እልልታዋ ከስልኩ አልፎ እኛ ድረስ ተሰማ። ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ እኔ ጠጋ አለና ልጅቷ ምን ተሸልማ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ተቀጣች» አልኩት።