የዓለም ታሪክ በመርፌ ቀዳዳ

አጭር መልስ መስጠት ያልፈጠረበት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። "ዛሬ ይደርሳል?" ብላችሁ ስትጠይቁት "አዎ" ወይም "አይ" ብሎ አይገላግላችሁም፤ ሰው ከዋሻ ከወጣበት ቀን ይጀምርላችኋል። በሌላው ሰፈር ይህ ሰው ጡረተኛ ወይም ፀጉር አስተካካይ ይሆናል። በእኛ ሰፈር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ክብርት እትዬ ከመጀመሪያው።

እርግጥ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን የሚያስታውሰው ደንበኛ የለም። የተቀደደውን ልብስ በሁለት ጣታቸው ከፈት አድርገው ያዩና "ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ" ይላሉ። ስሙ የወጣላቸው ከዚያ ነው።

ሱቃቸው ውስጥ እጃችሁን ብትዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካላችሁ። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለች፤ ካውያ አለ፤ ነርስ ልጃቸው ባመጣችላቸው የመድኃኒት ብልቃጦች ውስጥ በየቀለሙ የተለየ የልብስ ቁልፍ አለ። አንድ አግዳሚ ወንበርም አለ። ሱሪው የተወሰደበት ደንበኛ ፎጣ ታጥቆ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ፎጣ የታጠቀ ሰው ደግሞ ወዴትም አያመልጥም፤ እትዬም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

አንድ ቀን ሱሪዬ ከኋላ ተተርትሮብኝ ሮጬ ገባሁ።

"ሱሪ መቼ እንደተጀመረ ታውቃለህ?"

"አላውቅም እትዬ፤ ሥራ ረፍዶብኛል።"

"የጀመሩት ፈረስ የጋለቡት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ በቀሚስ ሞከሩት፤ ጭናቸው ተላጠ። ሱሪ ሰፉ። ከዚያማ ባለ ሱሪው በፈረስ መጣና ሱሪ የሌለውን ሰውዬ ከተማውን ቀማው። ዓለም የተገለበጠችው ያኔ ነው!"

"ተገለበጠች" ሲሉ የሱሪዬን እግር ገለበጡት። ይህን ቃል ሲናገሩ ምንጊዜም አንድ ነገር ይገለብጣሉ፤ ኮሌታም ይሁን ኪስ፣ ያገኙትን።

ሐር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ሁለት መነኮሳት ናቸው ይባላል። የሐር ትሉን እንቁላል ምርኩዛቸው ውስጥ ደብቀው ከቻይና አወጡት። ስንት መቶ ዓመት የተጠበቀ ምሥጢር በአንድ ምርኩዝ!" ይሉና መነኮሳቱ ገና አሁን በደጅ ያለፉ ይመስል በሩን ይሰልላሉ። እኔ ወሬ ጠግቤ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወሬ ከወሬ አበላልጣለሁ። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ድምፅ የሚያስቀንስ ወሬ ግን ከእትዬ በቀር ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

ቁራጭ ጨርቅ አይጥሉም። ለምን ስላቸው፣ "ወረቀት ከምን ይሠራ ነበር መሰለህ? ከአሮጌ ጨርቅ ነው። ማተሚያ ሲመጣ ያ ሁሉ መጽሐፍ የሰው አሮጌ ሸሚዝ ነበር። ሰው ሸሚዙን ዝም ብሎ ቢጥል ኖሮ ማን ፊደል ይቆጥር ነበር?" አሉኝ። የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ አሮጌ ሸሚዜን ለረጅም ጊዜ በአክብሮት አየሁት።

ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ሟቹ ባለቤታቸው የታሪክ መምህር ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፈተና እያረሙ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ነበር። ስለዚህ እትዬ የዓለምን ታሪክ የተማሩት ከመምህሩ እርማትም ከተማሪው ስህተትም ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለዩትም። "የሮም መንግሥት ለምን ወደቀ?" ቢባሉ፣ "መንገዱ ረዘመና ሰዉ ደከመው" ይላሉ። ይህ ከአሥር ሁለት ያገኘ ልጅ መልስ መሆኑ ግልጽ ነው። እኔ ግን እስካሁን የተሻለ አልሰማሁም።

አንድ ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ታሪኩ በየጊዜው እየረዘመ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ቁልፍ ትከሉልኝ ስላቸው ከቁልፍ ነበር የሚጀምሩት። ከጥቂት ዓመት በኋላ በግ ከተላመደበት ሆነ። ቀጥሎ ስንዴ ከተዘራበት። አምና እሳት ላይ ደረሱ። እኔ ዕውቀታቸው ጨመረ ብዬ ሳደንቅ፣ አንድ ቀን ምን እንዳየኝ እንጃ፣ አፋቸውን ትቼ እጃቸውን አየሁ።

ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ እየሳተ ነበር። በግ ተላመደ፤ ክሩ በግራ ሳተ። መንኰራኩር ተሠራ፤ በቀኝ ሳተ። ጽሕፈት ሲጀመር ጫፉን ምራቅ አስነክተው እንደገና ሞከሩ። ስንት ነገሥታት ከወጡና ከወረዱ በኋላ ገባላቸው፤ ወዲያው "በቃ፣ ይኸው ነው" ብለው መስፋት ጀመሩ። ለካ የዓለም ታሪክ የሚያልቀው ክሩ ሲገባ ነው! መነጽራቸውን ሐኪሙ ሁለቴ ቀይሮላቸዋል፤ ከዚህ የሚወፍር የለም ተብለዋል። ክሩ ከገባ በኋላ ግን ጣታቸው ያያል፤ ስፌታቸው ዛሬም ቀጥ ያለ ነው።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ወሬ ይዤ ዝም ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ግን እትዬ በስፌት መኪናዋ ጣታቸውን ሰፉ። ልጃቸው ሰማችና መጣች። እኔ የኮቴን ገበር ላሰፋ አግዳሚው ላይ ነበርኩ።

"እማዬ፣ ጣትሽን አሳዪኝ።"

"ምን ሆነ ብለሽ ነው? ጨርቁ መስሎኝ ነው።"

"ጣትሽ ጨርቅ መሰለሽ! በቃ፣ ሱቁ ይዘጋል። እኔ ጋ ትገቢና አርፈሽ ትቀመጫለሽ።"

"ተቀምጬ አይደል እንዴ የምሠራው? ደግሞ ምን ልቀመጥ?"

ልጅቱ አልሳቀችም። ከመርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ቀጭኗን መርፌ መርጣ፣ ጥቁር ክር በጥሳ ሰጠቻቸው። "ይህን አስገቢ። ከገባልሽ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልገባልሽ የሱቁን ቁልፍ ዛሬውኑ ትሰጪኛለሽ።"

እትዬ ተቀበሏት። ክሩን በጣታቸው አሾሉት።

"ይቺ መርፌ አለች አይደል..."

"ታሪክ አልጠየቅኩሽም፣ እማዬ።"

"እጄ ሥራ ላይ ነው፤ አፌ ምን አደረገሽ? በፊት ከአጥንት ነበር የምትሠራው። ብርዱ ደግሞ ያሁኑ ብርድ እንዳይመስልሽ፤ ወንዙ ከነዓሣው ድንጋይ የሚሆንበት ብርድ ነው። ሰው ቆዳ ደርቦ ይሄዳል፤ ነፋሱ በጎን ይገባል፤ ልጅ እቅፍ ላይ ይሞታል። አንዲት ሴት፣ ሴት ትሁን ወንድ ማን አየ፣ እኔ ግን ሴት ናት እላለሁ፣ የወፍ አጥንት ድንጋይ ላይ አሾለች። ጫፉን ፈልፍላ በሳችው። ስንቱ እጇ ላይ ተሰብሮባት ይሆን!"

ክሩ ሳተ።

"ሁለት ቆዳ ገጠመችና ልጇን ከተተችው። በረዶውን አቋርጠው ማንም ያልረገጠው ምድር የገቡት ሰዎች እኮ ስፌት ለብሰው ነው የገቡት። ቆይቶ መርከብ መጣ። የካፒቴኖቹን ስም አባትሽ በቃሉ ይጠራቸው ነበር። ሸራውንስ ማን ሰፋው? ማንም አልጻፈም! አንድ ስፌት ቢተረተር ያን ሁሉ ካፒቴን ዓሣ ይበላው ነበር። ምድርን ዙሪያዋን የዞሯት ሰዎች ክር ላይ ተንጠልጥለው ነው የዞሯት።"

አሁንም ሳተ። እኔ በሁሉ ነገር የማፌዘው ሰውዬ ሰውነቴን ወረረኝ፤ ጠባቧ ሱቅ በረዶና ባሕር ሞላባት። የሱቁ ቁልፍ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ክሩን በዓይኔ መግፋት ጀመርኩ።

"ልጁስ?" አለች ልጅቱ ድንገት።

"የቱ ልጅ?"

"ቆዳው ውስጥ የተከተተው። ሞቀው?"

"ሞቀው እንጂ! ባይሞቀው አንቺ ከየት ትመጪ ነበር?"

"ስጪኝ እስቲ" አለች ልጅቱ። የሕፃን ደም ሥር በመዳሰስ ብቻ የምታገኝ ነርስ ናት። ዓይኗን ከእናቷ አፍ ላይ ሳታነሳ ክሩን በአንዴ አስገባችው፤ ጫፉን ቋጥራ መለሰችላቸው። "እሺ፣ ከዚያስ?"

እትዬ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጓት። "አየሽ? ገባ።"

ልጅቱ መርፌዋን አየች፤ የገዛ ጣቶቿን አየች። እኔ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቁልፍ መቁጠር ጀመርኩ።

"ማን ነው ያስገባው፣ እማዬ?"

"ያቺ የአጥንት መርፌ የሠራችው ሴትዮ ሴት ልጅ ያልነበራት መሰለሽ?"

ልጅቱ መጀመሪያ ልታለቅስ ነበር፤ መሐል ላይ ሳቋ መጣ። የሱቁ ቁልፍ እትዬ ጋ ቀረ። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፤ ልጅቱ በየጠዋቱ ሥራ ሳትገባ መጥታ የመኪናዋን ክር ታስገባለች፤ ለእጅ ስፌትም አሥራ አምስት መርፌ ክር አስገብታ ትራሱ ላይ ትሰካለች። አሥራ አምስተኛዋ ስታልቅ ሱቁ ለዚያ ቀን ይዘጋል።

እኔ ግን ሥጋት ገባኝ። ክሩ ገብቶ ከጠበቃቸው፣ እትዬ ምን ብለው ያወራሉ? ዛሬ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቁልፉን የበጠስኩት በገዛ ጥርሴ ነው። መርፌዎቹ ክራቸውን አንጠልጥለው ተሰልፈዋል፤ እትዬ አንዷንም አልነኩም፤ ከአጥንት መርፌ አልፈው የመጀመሪያው አንጥረኛ ምድጃ ዘንድ ደርሰው፣ እጃቸውን አየር ላይ እያወራጩ ያወራሉ። ልጅቱ የነርስ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ሥራ አልረፈደብሽም?" አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ ሳትዞር፤ "ብረቱ ሊቀልጥ ነው።"