እማማ ብዙነሽ ያስገጠሙት ጎማ

የሚፈራ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አንድ ነገር ይገዛል። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ በእንጨቱ በር ላይ የብረት በር፣ በብረቱ በር ላይ ደግሞ ሌላ ቁልፍ ጨምሮ አሁን የሚፈራው እሳት ቢነሳ በምን እንደሚወጣ ነው። ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ እየገዛች ሱቅ ልትከፍት ምንም አልቀራት። ይሁን፤ ሻማና ቁልፍ የባሰ ጉዳት የላቸውም። የሞተር ሳይክል ጎማ ግን ሌላ ነው።

ባለቤቴ ሰናይት የእንስሳት ሐኪም ናት። ኮዬ ፈጬ ዳርቻ ላይ ኮንዶሚኒየሙ ያልዋጣቸው ጥቂት ገበሬዎችና በየግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ላሟ መብላት ስታቆም፣ ዶሮዎቹ አንገታቸውን ሲደፉ የሚደወለው ለእሷ ነው። ለዚሁ ሥራ ክሊኒኩ ሞተር ሰጥቷታል። ጠዋት ጠዋት እኔን ከኋላዋ አፈናጣ ቂሊንጦ አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ ታደርሰኝና ወደ ላሞቿ ትሄዳለች። አዎ፣ የምትነዳው እሷ ናት፤ ከኋላ ተጣብቄ የምሄደው እኔ ነኝ። ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ።

ያልለመዱት እናቷ ናቸው። እማማ ብዙነሽ ዕድሜያቸውን አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሥራቸው መፍራት ነው። እሑድ እሑድ ልንጠይቃቸው በሄድን ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚያዩት የሞተሩን የፊት ጎማ ነበር።

«ይቺ ናት ልጄን የተሸከመችው? ከሳይክል ጎማ በምን ትሻላለች?»

«እማዬ፣ የፊቱ ቀጭን የሆነው እንዲታዘዝልኝ ነው።»

«እኔ ክር አውቃለሁ። የሚበጠሰው ቀጭኑ ነው።»

 ሰናይት ሳቅ ብላ ሄልሜቷን ይዛ ትገባ ነበር።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሰናይት የፊቱ ጎማ ስላለቀ በሳምንቱ ውስጥ ልታስቀይረው እንዳሰበች በዋዛ ተናገረች። ከምሳ በኋላ እኛ እዚያው አቃቂ ለቅሶ ለመድረስ በእግር ወጣን። እማማ ብዙነሽ ግን የሰፈሩን ጎሚስታ አስጠሩና ካለው ጎማ ሁሉ የወፈረውን እንዲያመጣ አዘዙት። ያኔ የተባባሉትን ጎሚስታው ራሱ ነው በኋላ ያጫወተን።

«እማማ፣ ይሄኛው እኮ ለኋላ የሚሆን ነው።»

«አይገባም?»

«መግባቱንስ ይገባል።»

ገባ። በዚህች ከተማ ስንቱ ነገር «መግባቱንስ ይገባል» ተብሎ እንደገባ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከለቅሶው ስንመለስ ሞተሩ በር ላይ አፍንጫው አብጦ ቆሟል። እማማ ብዙነሽ አጠገቡ ቆመው ፈገግ ብለዋል። «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አሉ። ሰናይት ጎማውን አየች፤ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች፤ አቅፋ ሳመቻቸው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ወደ ቤት ስንመለስ ቀጥ ባለው አስፋልት ላይ ሞተሩ ንቅንቅ ሳይል ሄደ። እኔ ተፈጥሮዬ ፈሪ ስለሆነ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ከፊታችን እንዲህ ያለ ወፍራም ነገር መኖሩ ያጽናናል። ሰናይት ግን መሪውን ሁለት ሦስቴ ግራና ቀኝ ሞከረችው። ስንደርስ «መሪው ከብዷል» አለችኝ። «ላዘነብለው ስል ያንገራግራል። ነገ ከሥራ መልስ አስቀይረዋለሁ።»

ነገ የሚባለው ቀን ግን ጠዋትም አለው።

ወደ ቂሊንጦ ስንወርድ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ቁልቁለት አለ። ከታች አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ሰናይት እንደወትሮዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ሞተሩ አልተከተላትም። ቀጥ ብሎ የመሀሉን መስመር ተሻገረ። ወገቧን ጨብጬ ስለነበር ጡንቻዋ ሲወጠር ተሰማኝ። በመኪናው መስታወት ላይ የማርያም ሥዕል ተለጥፏል፤ ዓይኖቿ ወዴት እንደሚያዩ እስክለይ ድረስ ቀርበን ነበር። ሰናይት ሞተሩ እንዲጋደም የመሪውን ቀኝ እጀታ ባላት ኃይል ገፋችው። ሞተሩ አሁንም ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ሰው የገፈተረው ይመስል ባንዴ ወደ ቀኝ ወደቀ፤ ጎማው ጭቃ ከሚከላከለው ፓራፋንጎ ጋር ተፋጭቶ ሲጥ አለ፤ የመኪናው ነፋስ ግራ ጉልበቴን መታኝ፤ እኛም መንገዱ ዳር የተከመረ ጠጠር ውስጥ ተሰክተን ቆምን።

ገልባጩ እየተሳደበ አለፈ። ስድቡ የሕይወት ምስክር ስለሆነ አልከፋኝም።

ሰናይት ሄልሜቷን አወለቀች። እስከ ክርኗ ላም ውስጥ አስገብታ ጥጃ በምታወጣባቸው እጆቿ የፊቱን ጎማ ዳሰሰች።

«አዘዝኩት» አለች። «ሰማኝ። ግን ዘግይቶ ሰማኝ።»

ጠጠሩ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምትነግር ትመስል ነበር። ጎማው ሰፊ ስለሆነ መጋደም አይወድም፤ ሲጋደም ደግሞ ባንዴ ነው። ቁመቱም የሞተሩን ፊት አንሥቶ መሪውን ቀርፋፋ አድርጎታል። «ቀጥ ላለ መንገድ አይከፋም» አለች። ሁለታችንም ቁልቁል መንገዱን አየን።

እየገፋን ወስደን ልኩን ጎማ አስገጠምን። ለእናቷ ወፍራሙን ጎማ ሚስማር ወጋው ብንላቸውስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

«ከዚህ የባሰ ወፍራም ትገዛልኛለች» አለች፤ ከሥራ መልስ ቀጥታ አቃቂ ሄድን።

አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እማማ ብዙነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ። «እኔ ነኝ?» አሉ። ሰናይት እጃቸውን ያዘች እንጂ አይደለሽም አላለቻቸውም። ድንገት ተነሥተው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ተነሺ። አሳዪኝ።»

የእኔን ሄልሜት ከነሻሻቸው አጠለቁ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ልክ በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ሰው ከኋላዋ ተፈናጠጡ። ሄዱ። ሞተሩ ሲሄድ ከውጭ ሆኜ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንዴት ያለ ትንሽ ነገር ነው! ከዋናው መንገድ የመኪና ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ከበሩ ላይ አንገቴን አሰገግሁ። እማማ ብዙነሽ ስንት ዓመት እንዲህ በር ላይ ቆመው ኖሩ?

ሲመለሱ ዓይናቸው አልቅሷል፤ ከነፋሱ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። ሄልሜቱን አስረከቡኝና፣ «ስትታጠፍ አብረሃት ታዘነብላለህ?» አሉኝ።

ሰናይትን አየኋት። ቤንዚን ማጠራቀሚያውን ትጠርጋለች።

«እሱ?» አለች ቀና ሳትል። «እሱ ሲፈራ ወደ ማዶ ነው የሚሳበው። እኔ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ።»

«እኔ አብሬያት ነው የተጋደምኩት» አሉ እማማ ብዙነሽ። ከላይ እስከ ታች መዘኑኝ። «እንግዲህ አንተ በታክሲ ሂድ።»

ይኸው በታክሲ ነው። ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ ሰናይት ጡሩምባ ነፍታልኝ ታልፋለች። መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ እሸኛታለሁ። ከኋላዬ ያሉት «ወንድም፣ ተራህ እኮ ነው!» ይሉኛል፤ አልንቀሳቀስም። ታዘነብላለች፤ ሞተሩም አብሯት ያዘነብላል፤ ታጥፋ ከዓይኔ ትሰወራለች። ያኔ እተነፍሳለሁ።

ታክሲው ግን ሞልቷል።