ደረሰኝ ያለው ዶቃ

ከተማርኳቸው ትምህርቶች ሁሉ ልብ የሚያሞኝ አካውንቲንግ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከአንድ ቦታ የወጣ ነገር ሁሉ ሌላ ቦታ ገብቷል፤ የጠፋ ከመሰላችሁ በደንብ ፈልጉት፤ ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ። ይህን የሚነግረን መምህር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የጋምቤላ ሙቀት ሸሚዙን ከጀርባው ጋር ያጣበቀበት ሰው ነው። እየቀለጠ ያስተምራል። እኛም እየቀለጥን እናምናለን።

በተለይ እኔ። አርየት አጠገቤ ትቀመጥ ነበራ።

አርየት የአኙዋ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ እዚያው ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የደገኛ ልብስ ሰፊ ልጅ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ቃል አታባክንም፤ እኔ ገጽ ሙሉ የምዞረውን እሷ በአራት ቃል ትጨርሰዋለች። እንደምወዳት ነገርኳት? አልነገርኳትም። ደብተር አዋስኳት። እናንተ በዚያ ዕድሜ ፍቅራችሁን በምን እንደገለጻችሁ አላውቅም፤ የእኔ በማስመሪያ በደንብ የተሰመረ ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ የየቤታችንን ንብረት ዘርዝረን እንድንመጣ አዘዘን። እኔ የአባቴን የስፌት መኪና ጻፍኩ። አርየት የመጀመሪያው መስመር ላይ «ድሙይ» ብላ ጻፈች።

ድሙይ ሰማያዊ ዶቃ ነው። አኙዋዎች ሴት ልጃቸውን ሲድሩ በጥሎሽ የሚቀበሉት፣ ዛሬ የሚሠራው የሌለ፣ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚዞር የጥንት ዶቃ። ለእህት የመጣው ለወንድም ሚስት ያመጣል። መምህሩ በስንት ተገዛ አላት። አልተገዛም፣ በእናቴ ነው የመጣው አለችው። ንብረት የሚመዘገበው በተገዛበት ዋጋ ነው፣ ያለ ደረሰኝ የሚገባ ነገር የለም ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፈበት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ይህን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አርየት ዜሮዋን ትንሽ አየቻትና፣

«ጥሩ ነው። ዜሮ ማንም አይሰርቅም» አለች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ስንደርስ ወሬ መጣ። አቦቦ የሚኖር አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮባታል። ወንድሟ ኦሞድ የሚያገባት ልጅ ካገኘ ቆይቷል፤ የሚጠብቀው ለእህቱ የሚመጣውን ድሙይ ነው። አንዳንድ ቤት ዛሬ ብርም ይቀበላሉ። የእነሱ ቤት አይቀበልም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ከፈተና ስንወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ። ከዚያ ደብተሯን ዘጋችና፣

«እናንተ ቤት ድሙይ አለ?» አለችኝ።

እኛ ቤት ያለው የስፌት መኪና ነው ብዬ ሳቅኩ። ኒውላንድ ደርሼ የግቢውን በር ስከፍት ነው እሷ አለመሳቋ ትዝ ያለኝ።

ሰው ሲዘገይ ይሮጣል። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ የአኙዋ ሴቶችን ድሙይ እያልኩ ጠየቅኩ፤ የሚሸጥ የለም አሉኝ። አንዷ ይሄ ደገኛ ምን ነካው ብላ ለጓደኛዋ ነገረቻት። መጨረሻ ላይ አንድ ሱቅ ገብቼ መልኩ እንደዚያው ሰማያዊ የሆነ አዲስ ዶቃ፣ ሁለት ድርድር ገዛሁ። ደረሰኝም አስቆረጥኩ። ተማሪ ነኛ።

እሁድ ከቸርች በኋላ አርየትን ያሳደገች አክስቷ ማማ አቻን ቤት ሄጄ ዶቃውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። አልሳቀችብኝም። አልተቆጣችኝምም። ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ በጣቶቿ እያገላበጠች አየችው።

«በዚህ ማን ተዳረች?» አለችኝ።

ከእሷስ ወደ ማን ሄደ ብላ ጨመረች። ከዚያ ከጓዳ የራሷን አውጥታ አሳየችኝ። ይኼ በአኬሎ መጣ፣ ለአባንግ ሄደ፣ በአባንግ ልጅ ተመለሰ፤ እያለች ሴቶቹን ሁሉ እስከማታውቃቸው ድረስ ቆጠረችልኝ። መምህራችን ያን ቀን ያጣው ደረሰኝ እዚህ ቁጭ ብሎ ነበር፣ በሰው አፍ። የእኔን መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

«ልጄ፣ ዶቃው ቆንጆ ነው። ግን ማንንም አያውቅም።»

አርየት ውሃ አምጥታልኝ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀች። እስከ በር ሸኘችኝና ደረሰኝ ይዘሃል ወይ አለችኝ። ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ማኅተሙንም አየች፣ አጠፈችውና ያዘችው። የአቦቦው አስተማሪ ድሙይ በዚያው ክረምት መጣ። ኦሞድም አገባ።

ዛሬ ሁለታችንም አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነን፤ እኔ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ሂሳብ ያዥ፣ እሷ ጋምቤላ ዋናው ቢሮ የእኔን ሂሳብ የምትመረምር። የሁለት ልጆች እናት ናት። በየወሩ የወጪ ማስረጃዎቼን በፎልደር አድርጌ በመኪና እልካለሁ። ከመላኬ በፊት አንድ ደረሰኝ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀራለሁ። ሆን ብዬ። ፎልደሩ ሲመለስ ላዩ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል፤ «አንድ ይጎድላል። አርየት።» ያው አጭር አማርኛዋ። የጎደለውን እልክላታለሁ፣ ወሩም ይዘጋል። እንዲህ ስንት ወር እንደዘጋሁ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ወር አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ሁሉንም አሟልቼ ላክሁ። ሐሙስ ፎልደሩ ተመለሰ። ቢጫው ወረቀት አለ።

«አንድ ይጎድላል።»

ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ምንም አልጎደለም። ያ የዶቃው ደረሰኝ ካልሆነ በቀር፤ እሱ ደግሞ እሷ ዘንድ ነው።