ዛፍ ተብሎ የተመዘገበ ቤት

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ ስለ ማረሚያ ቤቱ። «ተወልደህ ነው ወይስ ታስረህ?» ይሉኛል። ተወልጄ ነው። ስለ ሙቀቱ ግን ምን ልበላችሁ? ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደርባችሁ ዋሻውን ታልፋላችሁ፤ ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ እኛ ዘንድ ስትደርሱ ጋቢው ቀርቶ ሸሚዙም ይከብዳችኋል። ለዚህ ነው እኛ አገር ሰው የሚከበረው ጥላ ሥር ቦታ ተለቆለት ነው። ወንበር መልቀቅማ የትም አለ።

ይኼን ያነሳሁት ስለ አንዲት ዛፍ ላጫውታችሁ ብዬ ነው። ዛፍ እንኳ አልነበረችም። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

በኢህአዴግ ጊዜ ነው፤ ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት በኋላ። እኔ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ጊዜው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ የሚካሄድበት ነው። ጥር ላይ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ ጋራ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል። እኛ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየለካን ሪፖርት እንልካለን። አንድ ቀን ታዲያ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። የተራቆተው መሬት የቱ እንደሆነ፣ ዛፍ የቀረው የት እንደሆነ፣ የትኛው ተከልሎ ቢተው እንደሚያገግም በኢንተርኔት ካርታ ላይ ለይታችሁ፣ በቀለም አትማችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ላኩ ይላል።

የጽሕፈት ቤታችን ሞተር ብስክሌት ጎማ የላትም። ጽሕፈት ቤቱም ኢንተርኔት የለውም። ምን አማራጭ አለኝ? አስፋልት ዳር ያለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ወረዳውን ከሰማይ ማየት ጀመርኩ። ካርታው ቁራጭ በቁራጭ ነበር የሚመጣው። አንዱ ቁራጭ እስኪከፈት ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

ካርታ የተከፈተለት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የገዛ ቤቱን ነው። ኃላፊያችን ሥራዬን ሊቆጣጠር መጥቶ ማጀቴ ከተማ ያለውን የእናቱን ግቢ ሲፈልግ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ አገኘው። ግቢው ውስጥ የጭድ ክምር ይታያል። ጣቱን ክምሩ ላይ አሳረፈ። እናቱ ከሞተች ዓመት አልፏታል፤ ያን ጭድ ያስከመረችው እሷ ነበረች። ፎቶው የቆየ መሆኑ ነው። ካርታ የሚያሳየን የነበረውን እንጂ ያለውን እንዳልሆነ ያን ጊዜ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም። የግቢያችን ዘበኛ ደግሞ «እኔስ እታያለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። አትታይም፣ ይሄ የቆየ ፎቶ ነው ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን በሥራው ላይ ማንቀላፋት ተወ። ከዕቅዱ ሁሉ ፈጥኖ ውጤት ያስገኘው ይኼ ነው።

ሳቁ ይቆየን። አገሬን ከላይ ሳያት የማውቃት አልመሰለችኝም። አባቴ ቀፎ ይሰቅልበት የነበረው ጋራ እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። ቡናማ፣ ነጭ፣ ቡናማ። የወንዙን ዳርና የሽንኩርቱን ማሳ ካልቆጠርን በቀር አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። በእግሬ ስሄድ እዚህ አንድ ቁጥቋጦ፣ እዚያ አንድ ቁጥቋጦ እያየሁ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። ከላይ ሲታይ መሸንገያ የለውም።

እንዲህ ከፍቶኝ ሳለ ነው ያቺን ያየኋት። ከከተማው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ከሆነ አንድ ቀበሌ፣ በራቁት ተዳፋት መሃል፣ ብቻዋን የቀረች አረንጓዴ ነጥብ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ይኼን ሁሉ መጥረቢያ አምልጣ የተረፈች አንዲት ዛፍ! ዕቅዱ ላይ በትልቁ ጻፍኩላት፦ «ለዘር ምንጭነት የምታገለግል ብቸኛ ሀገር በቀል እናት ዛፍ።» በዙሪያዋም ሃምሳ ሜትር ክብ አሰመርኩና «ከንክኪ ነፃ» አልኩት። የእኛ ሥራ ቃል ነው፤ ሰውም ፍየልም የማይገባበት፣ መሬቱ በራሱ ጊዜ እንዲያገግም የሚተው ቦታ ማለት ነው። ደግ ቃል ነው። በደግ ቃል ሰው ይጎዳል ብዬ በምን ላስብ?

ዕቅዱ ጸደቀ። ቀበሌው ደግሞ በክቡ ውስጥ አንዲት ሴት እንደምትኖር አስታወቀ። እትዬ ዘሀራ ይባላሉ። ባላቸው ሞተውባቸው ማሾ እየዘሩና አራት ፍየል እያረቡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ኃላፊያችን ደብዳቤ አዘጋጀ፤ ማኅተም ተመታበት። ክረምት ሳይገባ ይነሱ ይላል። አድርስ ተባልኩ፤ ይዤ ሄድኩ።

እትዬ ዘሀራ ማንበብ አይችሉም። መደብ ላይ አስቀምጠው በጣሳ ውሃ ሰጡኝና አነበብኩላቸው። «በአካባቢው ብቸኛ የሆነችውን ዛፍ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ለመጠበቅ ሲባል...» እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙኝ።

«የቱን ዛፍ ነው የምትለኝ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ያቺን፣ ትልቋን።»

«እዚህ ዛፍ ቢኖር ፀሐይ ላይ እውል ነበር?»

ወጣሁ። ጂፒኤሱን አውጥቼ ተከተልኩት። ግራ አለኝ፣ ቀኝ አለኝ፣ መልሶ ወደ በራቸው ወሰደኝ። ገባሁ። መደቡ ጋ ስደርስ ደርሰሃል አለኝ። እንደገና ወጥቼ ቀና ብዬ ጣራውን አየሁት። ቆርቆሮ ነው፤ ከሥር እስከ ጉልላቱ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

«ማን ቀባልዎት?» አልኳቸው።

ትምህርት ቤቱ ሲታደስ የተረፈ ቀለም ነበር አሉ። ቀለም ቆርቆሮን ያበርዳል ብለው ነግረዋቸው ነው።

«በረደልዎት ታዲያ?»

«ወላሂ አልበረደም።»

አልሳቅኩም። ሴትየዋ የገዛ ቤታቸውን ከገዛ ራሳቸው ንክኪ ለመጠበቅ ሲባል ከቤታቸው ሊነሱ ነው፤ ያንንም ያደረግኩት እኔ፣ ሻይ እየጠጣሁ። ስህተቱ የኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አፈርኩ፣ ፈራሁ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይኼን ቤት ድንጋዩን በጀርባዬ አመላልሼ ነው የሠራሁት፤ ሌላ መሬትም የለኝ፤ ወዴት ልሂድ?» አሉኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ተመለስኩ።

ለኃላፊያችን እውነቱን ነገርኩት። ዛፏ ቤት ናት አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእናቱን ጭድ በጣቱ የነካው ያው ሰውዬ ነው። ግን ያን ጊዜ ግምገማ ምን እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዕቅዳችን ምሳሌ የሚሆን ተብሎ ተመስግኗል። አንዷ ዛፍ ጣራ ናት ካልን የቀሩትን ሁሉ ምን ይሏቸዋል? «ወረቀት ላይ ያለች ዛፍ አትቆረጥም» አለኝ።

መላ ያመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ጽሕፈት ቤታችን ተጠርቶ መጥቶ ሁለታችንንም በትዕግሥት አዳመጠ። ከዚያ እንዲህ ያለች ብርቅ ዛፍ ጠባቂ አያስፈልጋትም ወይ ብሎ ጠየቀ። ያስፈልጋታል አልን። ጠባቂውስ ማደሪያ አይፈልግም ወይ? ይፈልጋል። በቃ፣ እትዬ ዘሀራ ጠባቂ ይሁኑ፤ ቤቱም የጠባቂ ማደሪያ ተብሎ ይጻፍ። በዚሁ ተወሰነ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እትዬ ዘሀራ በገዛ ቤታቸው ላይ የገዛ ቤታቸው ጠባቂ ሆነው ተሾሙ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ሹመቱን የምር ወስደውታል። መጀመሪያ የራሳቸውን ፍየሎች አሰሩ፤ ሳር እያጨዱ ቤት ድረስ ይመግቧቸው ጀመር። ቀጥለው የጎረቤትን ፍየል አባረሩ። በዚህ ከሰው ተጣሉ፤ ዘሀራ ሹመት ራሷ ላይ ወጣ ተባሉ። አንድ ሁለቴ ሳገኛቸው እስቲ ትንሽ ለቀቅ ያድርጉት ብያቸው ነበር። «ከንክኪ ነፃ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ቃሉን ከኔ በተሻለ ይሉት ነበር።

በወረዳው ሙሉ ያሰመርኳቸው ሌሎች ክቦች ምን ሆኑ? አዝናለሁ፣ አብዛኞቹ ከስመዋል። ችግኙን ክረምት ላይ በዘፈን እንተክለዋለን፤ ጥር ላይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከአጣዬ እስከ እኛ ድረስ ስንት ጉድጓድ ስናስቆፍር ኖረናል፤ ጉድጓዱ ዛሬም አለ። እትዬ ዘሀራ ዘንድ ግን ማንም ምንም አልተከለም። በሁለተኛው ክረምት ግራሩ ከመሬት ውስጥ በራሱ ወጣ። ለካ ዘሩ ተቀብሮ የሚጠብቀው ፍየሏ ዞር እስክትል ነበር። ቁርቁራው ተከተለ። ቆቅ ተመልሳ መጣች። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው የግራሩ ጥላ ቤቱን አለበሰው፤ እትዬ ዘሀራም ለመጀመሪያ ጊዜ በረደኝ አሉ።

ጽሕፈት ቤታችን ያኔ አዲስ ባለሙያ ተቀጥራለች። ህይወት ትባላለች፤ ጎበዝ፣ ጨዋ ልጅ። ኢንተርኔቱም ቢሮ ገብቷል፤ ካርታውም ጠርቷል። አዲስ መመሪያ መጣ። ባገገሙት ክልሎች ውስጥ ያሉ ቤቶች በሙሉ ይለዩ፤ ነዋሪዎቹ ይነሳሉ ይላል። ጠባቂ የሚል ቃል መመሪያው ውስጥ የለም። ህይወት ቀን ከሌት ሠርታ ዝርዝሩን አመጣችልኝ። «ጋሼ፣ አካባቢውን እርስዎ ስለሚያውቁት አይተው ይፈርሙልኝ» አለችኝ። በእትዬ ዘሀራ ቦታ አንጻር እንዲህ ይነበባል፦ «ሙሉ በሙሉ ያገገመ። ቤት የለም።»

ምስሉን አፍጥጬ አየሁት። የግራሮቹ ጫፍ ተያይዟል፤ ቆርቆሮ የሚባል አይታይም። በእግሬ ሳላይ አልፈርምም አልኳትና በማግስቱ ሄድኩ።

እትዬ ዘሀራን ግራሩ ሥር አገኘኋቸው። ከምንጣፋቸው ጥግ ለቀው አስቀመጡኝ። ያኔ ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው። ቤትዎን ዛፍ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ቀን ጣራዬን ቀና ብለህ ስታይ ፊትህ ነግሮኛል።»

አዲሱን መመሪያም አስረዳኋቸው። ቤቱ አለ ካልኩ ይነሱ ሊባሉ ነው። የለም ካልኩ ደግሞ ውሸት ነው፤ የምፈርመውም እኔ ነኝ። በሹመቱ ቃለ ጉባኤ ብንከራከርስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆቋ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጮኸች።

«ያኔ ካርታችሁ አየኝና ዛፍ ነሽ ብሎ ሊያስነሳኝ ነበር» አሉኝ። «አሁን አይቶ የለችም ካለ፣ አልሃምዱሊላህ። የኔ ልጅ፣ አታስተካክለው።»

ተመለስኩ። ህይወት ወረቀቱን ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። «ትክክል ነው ጋሼ?» አለችኝ። በመንግሥት ሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሁሉንም የሠራሁት ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነው። አውቄ የተሳሳትኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ፊርማዬም እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።