የመሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ «አንድም»

አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ እሱ የማይገኝበት ስብሰባ በጎጃም ምድር የለም። የእድር ይሁን የቀበሌ፣ የሠርግ ይሁን የመንገድ ሥራ፣ ነገሩ ሊቋጭና ሰው ጋቢውን ሊሰበስብ ሲል ከጥግ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። በደብረ ማርቆሱ የዱር እንስሳት ኮሚቴ ውስጥ ያ ሰው የቤተ ክህነቱ ተወካይ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ነበሩ። ከጉሮሯቸው ቀጥሎ የሚወጣው ቃል ደግሞ «አንድም» ነው።

መሪጌታ የዲማ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በትርጓሜ ቤት ነው። በዚያ ቤት አንድ ቃል በአንድ ፍች አያድርም። የመጀመሪያው ከተነገረ በኋላ «አንድም» ተብሎ ሁለተኛው፣ ደግሞ «አንድም» ተብሎ ሦስተኛው ይከተላል። እርሳቸው ለመጽሐፍ የተማሩትን ለዓለሙ ሁሉ አዋሉት። አንድ ጊዜ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የአውቶቡስ ጎማ ፈነዳ። ፍንዳታውን ተሳፋሪው ሁሉ በጆሮው ሰምቷል። እርሳቸው ግን ወርደው መኪናውን ዞሩትና «አንድም…» ብለው ሲጀምሩ ረዳቱ አቋረጣቸው፦ «መሪጌታ፣ አንድም ጎማ ነው፣ ሁለትም ጎማ ነው።» ለእውነት ሲባል፣ ጎማ ነበር።

ሰኔ 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ግን የኮሚቴው ባለሙያ ፀደንያ ለጎማም ለትርጓሜም ጊዜ አልነበራትም። ለአዳኝና ለጥንብ አንሣ አእዋፍ የተመደበው አርባ ሺህ ብር በሁለት ቀን ውስጥ ካልተወሰነበት ተመላሽ ይሆናል። ደጀን አጠገብ ባለው ገደል የቀሩት ጥንብ አንሣዎች ስልሳ ብቻ ናቸው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ዐሥራ አንዱን ሞተው አግኝታ በገዛ እጇ ቀብራለች። ገንዘቡ ያለ ቦታው ከዋለ፣ ወይም ጭራሽ ከተመለሰ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚቀበርም አይኖርም።

«ንስር ይሁን» አሉ ሰብሳቢው አቶ ውበቱ። «መንገዱ ዳር ሰሌዳ እንተክላለን፤ ለጎጆው ዘበኛ እንቀጥራለን። ንስር ያኮራል። ጥንብ አንሣን ለማን ልናሳይ ነው?»

«እየሞተ ያለው እኮ ጥንብ አንሣው ነው» አለች ፀደንያ። «ለጅብ የተመረዘ ሥጋ እየበላ ነው። ለገበሬዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ብንሰጥስ?»

አቶ ውበቱ ለአፍታ አሰቡ። «ሥልጠናም ክፉ አይደለም። አበል አለው።»

እጅ ሊወጣ ሲል ከጥግ ጉሮሮ ተጠረገ።

«አንድም» አሉ መሪጌታ። «ገበሬው መርዝ እንደሚገድል ጠፍቶት ነው? የሚመርዘው ስለሚያውቅ አይደለም ወይ? ልጄ፣ የሞቱበትን ቀን ጽፈሻል?»

«ጽፌአለሁ፣ የኔታ።»

«እስቲ አንብቢው።»

«ነሐሴ አምስት። ነሐሴ ዘጠኝ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቆጠሩ። «ፍልሰታ።»

«ጥቅምት ሃያ። መጋቢት ሦስት። መጋቢት ዐሥራ ሁለት…»

«ሁዳዴ። ሁዳዴ።»

እስከ መጨረሻው አነበበች። ሁለቱ በፍልሰታ፣ ስምንቱ በሁዳዴ። አንዱ ብቻ በጥቅምት። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ጿሚ ነው፤ ፀደንያም ራሷ እያንዳንዱን የጾም ቀን የጻፈችው ሽሮ በልታ ነው። ግን ማንም ልብ አላለውም ነበር።

«እኛ ስንጾም ቄራው ይዘጋል» አሉ መሪጌታ። «ቄራው ሲዘጋ ጅቡም አሞራውም ሳይወድ ይጾማል። ጅብ ደግሞ እንደኛ አይታገሥም፤ በረት ሰብሮ አህያ ይበላል። የተበላበት ሰው ይመርዛል። መርዙን የሚያገኘው ግን ቄራ በር ላይ ቆሞ ቆሞ የራበው አሞራ ነው።»

«የጥቅምቱስ?» አሉ አቶ ውበቱ በእልህ።

«እርሱን አላውቀውም» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸው በርቶ። «እርሱ ሌላ አንድም ይፈልጋል።»

በገንዘቡ፣ በጾም ወራት በራሱ የሞተ ከብት እየተጎተተ ገደሉ አፋፍ ላይ እንዲጣል፣ መርዝ እንዳይነካውም የሚጠብቅ ሰው እንዲቀጠር ተወሰነ። ሰሌዳው ቀረ፤ ሥልጠናውም ከነአበሉ ቀረ። አቶ ውበቱ ሰሌዳውን ረስተውታል፤ አበሉን ግን አልረሱም።

በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ፀደንያ ሪፖርቷን መላክ ብቻ ነበር የሚቀራት። አልላከችውም። ወረቀቱን ይዛ በአውቶቡስ፣ ቀሪውንም በእግሯ ዲማ ወረደች። መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«በሁዳዴ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው፣ የኔታ።»

«እሰይ። አንድም የቀሩት ስላነሱ የሚሞተውም አንሶ እንደሆነስ?»

«በሕይወት ያሉትን ቆጥሬአለሁ። ስልሳ ሦስት ናቸው።»

«አንድም ሞተው ሳታዪያቸው የቀሩ እንዳሉስ?»

«እንዳምናው በየሳምንቱ፣ በዚያው መንገድ ነው የዞርኩት።»

መሪጌታ ሦስተኛ «አንድም» ፈለጉ። ወረቀቱን ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ። ዳዊታቸው የጠፋባቸው መሰሉ።

«የጥቅምቱ አሞራ ግን» አለች ፀደንያ ቀስ ብላ፣ «እስከዛሬ አልተፈታም።»

መሪጌታ ቀና አሉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁላትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።