ጨው የበዛበት የባሕር አበባ

ሰው አሳምሮ የሚያውቀውን ነገር ሲያስረዳ ዋናውን ይዘለዋል። ከክፋት አይደለም፤ ለእሱ ግልጽ ስለሆነለት ለሁሉም ግልጽ ይመስለዋል። ባለሙያ የተባለች ሴት የአዋዜ አሠራሯን ጠይቃችሁ ታውቁ እንደሆነ ነገሩ ይገባችኋል። በርበሬውን ከመቀንጠስ ጀምራ አንድ በአንድ ትነግራችኋለች፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ስትሞክሩት ግን እንደ እሷ አይሆንም። ተመልሳችሁ ብትጠይቋት «ውይ፣ እሱን አልነገርኳችሁም እንዴ?» ትላለች። አልነገረችንም።

ባለቤቴ አስፋው የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር። ምጽዋ ላይ እግሩን ቆስሎ ሲሰናበት፣ እኔ በታይፒስትነት ተቀጥሬ ወደምኖርበት ወደ አዋሳ መጣ። ሌላው ሰው ከቀይ ባሕር ሲመለስ ሬዲዮ ያመጣል፤ ሽቶ ያመጣል። የእኔው ያመጣው የባሕር ውኃ የሞላባቸው ጀሪካኖች፣ አንድ ጆንያ ሻካራ ጨው እና አፉ በጨርቅ የታሰረ ባልዲ ነው። ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ፣ ውኃ ውስጥ የተረሳ ሳሙና የመሰለ ቡናማ ነገር አለ። የባሕር አበባ ይባላል አለኝ። ከስንት ዓመት መለያየት በኋላ አበባ ያመጣልኝ ባል እንዲህ ያለውን ነው ያመጣልኝ።

አስፋው ከመስኮት መስተዋት ገንዳ ሠራለት፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አስቀመጠው። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በብስክሌት መንፊያ እየሞላ፣ በቀጭን የግሉኮስ ቱቦ አየር እያንጠባጠበ ያስተነፍሰው ጀመር። ከዚያ አንድ ጠዋት ያ የተረሳ ሳሙና ተከፈተ። ጫፋቸው ሐምራዊ የሆነ ጣቶች በዙሪያው ዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳገኘው የጤፍ ማሳ ይወዛወዝ ጀመር። ስሙ አበባ ይሁን እንጂ እንስሳ ነው፤ አፍ አለው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የማመጣውን የቀረሶ ዓሣ ሥጋ በቁንጥጫ ስንሰጠው በጣቶቹ ጠቅልሎ ይጎርሳል።

እኔ ግን የወደድኩት በዚህ አይደለም። አስፋው ስለ ምጽዋ ጠይቄው መልሶልኝ አያውቅም ነበር። ለዚህ ፍጥረት ግን ያወራለታል። ላስቲኩን እየነፋ፣ ስለ መርከባቸው፣ አብረውት ስለነበሩት፣ ከእነሱም ማን እንደቀረ ቀስ ብሎ ይነግረዋል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት የምከትፍ መስዬ እሰማለሁ። ባሌን ያወቅሁት እንዲህ ነው።

እግሩ ውስጥ የቀረው ፍንጣሪ አመርቅዞ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲተኛ ሲታዘዝ፣ ከራሱ ይልቅ ለገንዳው አሰበ። ጠዋትና ማታ አየር እንድሞላ፣ ምግብ እንዳላበዛ ነገረኝ። መስተዋቱ ላይም በቀይ ቀለም አሰመረና «ውኃው ከዚህ እንዳይወርድብሽ» አለኝ። በምን እንደምሞላው ግን አልነገረኝም። የአዋሳ ሙቀት ውኃውን በየቀኑ ይቀንሰዋል፤ እኔም የባሕር ፍጥረት ነውና እያልኩ ጨው እያሟሟሁ እስከ ቀዩ መስመር እሞላለሁ።

የምጽዋው ጨው አለቀ። በዚያን ዘመን ጨው የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ ያውም በራሽን ነው። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሆኖም ሰው ከድርሻው በላይ ጨው ሲጠይቅ አሻጥር ይሸታቸዋል። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለአበባ ጨው?»

«አበባ አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፤ እንስሳ ነው።»

«እንስሳ ከሆነ ይታለባል ወይስ ይታረዳል?»

ሁለቱም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አሰናበቱኝ። በማግስቱም ከሥራ ስወጣ ሄድኩ፤ በማግስቱም። ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ከራሳቸው ድርሻ ቆንጥረው እየሰጡኝ «ልጄ፣ ለጨው ብለሽ እንዳትታሰሪ» ይሉኛል። እኔ ግን የቢሯቸውን ወንበር የተከራየሁት ይመስል እየሄድኩ መቀመጤን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ሰልችቷቸው ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ ቤቴ መጡ። አዩት። ጣታቸውንም ሰደዱ። የባሕር አበባው ጣታቸውን ያዝ ሲያደርጋቸው ከወንበር ጋር ተጋጭተው ወደ ኋላ ሸሹ። ጨው ተፈቀደልኝ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር እዩልኝ። ያን ሁሉ ታግዬ ያገኘሁትን ጨው በጨመርኩለት ቁጥር ፍጥረቱ ይከሳል። ጣቶቹን ሰበሰበ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ የሰጠሁትን ይተፋል። እኔም ጨው ያነሰው መስሎኝ እጨምራለሁ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባላል፤ እኔ ዘንድ የጣፈጠው ነው የጎዳኝ። እትዬ በላይነሽ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልቆለታል ልጄ። ሳይሸት ድፊው።»

«አልደፋውም» አልኳቸው። ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እሱን ብደፋው፣ አስፋው ተመልሶ ለማን ያወራል?

አንድ እሑድ ምስር ወጥ ጥጄ አየሩን ልሞላ ስታገል ወጡ ተመጠጠብኝ። ብቀምሰው ምላስ ይቆርጣል። ጨው ያደረግሁበት አንዴ ነው፤ እጄም አልከበደም ነበር። ለካ የሄደው ውኃው ነው፤ ጨው የትም አልሄደም። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ዞሬ ገንዳውን አየሁት። ፀሐይም የምትወስደው ውኃውን ብቻ ነው። እኔ በየቀኑ ጨው ላይ ጨው ስከምር ሰንብቻለሁ። የጎደለውን መሙላት የነበረብኝ በጨው አልባ ውኃ ነበር።

ምስሩ ይረር ብዬ ተነሣሁ። ወጥ በአንዴ ቢከልሱት እንደሚበላሽ አውቃለሁና ፍጥረቱንም አላስደነገጥኩትም። ጨዋማውን በጣሳ እየቀዳሁ፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውኃ በጣሳ እየመለስኩ፣ ጀሪካን ውስጥ የቀረችውን የምጽዋ ውኃ እየቀመስኩ፣ የገንዳውንም እየቀመስኩ፣ ሁለቱ ጣዕም እስኪገናኙ ድረስ ቀናት ፈጀሁ። ጣቶቹ መዘርጋት ጀመሩ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ደግሞ ሌላ መጣ። ፍጥረቱ በሁለት ወገን ይሳብ ጀመር፤ መሀሉ እየቀጠነ ሊበጠስ ደረሰ። እትዬ በላይነሽ አሁንስ ነፍሱ እየወጣች ነው፣ ቢያንስ ቆርጠሽ ገላግይው አሉኝ። እኔ ግን ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። አየሩን ብቻ እየሞላሁ፣ እጄን ገንዳው ውስጥ ላለመክተት ከራሴ ጋር ታገልኩ። ቀበሌ ሄዶ ከመቀመጥ ይልቅ አለመንካት ይከብድ ነበር። በመጨረሻ ተበጠሰ። ሁለቱም ጎናቸው ቁስል ሆኖ ተኮራመቱ፤ ውለው አድረው ቁስሉ ተጠቀለለ፣ ከሁለቱም ላይ አፍ ተከፈተ። የቀረሶ ቁንጥጫ ሰጠኋቸው። ሁለቱም ጎረሱ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አስፋው በምርኩዝ እያነከሰ ሲመጣ፣ ገና ከደጃፉ ሳያልፍ እጄን ያዘና መናገር ጀመረ። አበባው ቢሞትም አላዝንብሽም አለኝ። ከባሕር የወጣ ነገር መቼም አይበረክትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል አለኝ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ስለነበር አላቋረጥኩትም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት።

ብዙ ቆሞ አየ። «አሮጌው የትኛው ነው?» አለኝ።

«እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም» አልኩት።

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ላስቲኩን እየነፋ ስለ ሆስፒታሉ ይነግራቸው ገባ። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረና ወሬውን ለእኔ ቀጠለው።

ወሬው ቀበሌ ሳይደርስ አልቀረም። ጊዜው ትርፍ ቤት የሚወረስበት ነውና፣ እትዬ በላይነሽ አንዱን ቶሎ ለሰው ስጡ እያሉ ሲሰጉ ሊቀመንበሩ ራሳቸው መጡ። በዚህ ጊዜ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ሁለት ሆኑ ማለት ነው?»

«ሁለት ሆኑ።»

«የሚኖሩት ግን በአንድ ቤት ነው?»

«በአንድ ቤት ነው።»

አሰቡ። «እንግዲያው ችግር የለውም» አሉና ወጡ።